የእግረኛው ድርሻ

ጥቅምት ፲፩ ቀን

ለምወድህ አጎቴ፣

ይህ ደብዳቤ ባለህበት አገር በሙሉ ጤና ያግኝህ። እኛ ደህና ነን። ታላቅ እህትህ፣ እማዬም ደህና ናት፤ ደህንነቷን የማውቀው በየቀኑ ስለምትቆጣኝ ነው።

ወሬ አለኝና ቁጭ ብለህ አንብበው። የከተማችን ምክር ቤት አባል ሆኜ ተመረጥኩ። አትሳቅ። ያስመረጡኝ የሰፈሩ ሴቶች ናቸው፤ ግማሾቹን ያዋለድኳቸው እኔ ነኝ፣ የቀሩት ደግሞ ተራቸውን የሚጠብቁ ናቸው። እማዬ ‹ማዋለዱ አልበቃ ብሎሽ ነው ደግሞ ስትጨቃጨቂ ልትውዪ?› ብላ ጮኸችብኝ፤ ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ ለጎረቤት ሁሉ ዞራ ነገረች።

የተመደብኩት በመንገድና ትራንስፖርት ቋሚ ኮሚቴ ነው። ለመንገድ የሚመደበውን በጀት መርምረን ለጉባኤው እናቀርባለን፤ ከጸደቀ በኋላም በተባለው መሠረት መሠራቱን እንቆጣጠራለን። የዘንድሮው ትልቁ ሥራ የት እንደሆነ ገምት፤ በራችን ላይ! ከአውቶቡስ መናኸሪያው ተነስቶ በጤና ጣቢያችን በኩል ገበያው ድረስ የሚሄደው መንገድ አስፋልት፣ የውኃ መውረጃ፣ የእግረኛ መንገድና የአውቶቡስ ማቆሚያ ሊኖረው ነው። አንተ ስትሄድ አቧራ ነበር፤ ዛሬም አቧራ ነው፣ ሲዘንብ ብቻ ጭቃ ይሆናል።

ሁለት ልመና አለኝ። አንዱ የእማዬ ነው። አንተ ልከህ ያሠራኸው የፊት ክፍል ጣሪያው ማፍሰስ ጀምሯል፤ ‹ዝናብ ሳይመጣ ለቆርቆሮ ላክ በይው› ትላለች። ሌላው የራሴ ነው። ዕድሜህን ሙሉ አውቶቡስ ስትነዳ የኖርክ ሰው ነህና መንገድ ምን ምን ሊኖረው እንደሚገባ ጻፍልኝ። ስለ ምጥ ጠይቁኝ እመልሳለሁ፤ ስለ አስፋልት ግን የማውቀው መውደቅን ብቻ ነው።

ጠበቃህ
(ስሙን ያወጣህልኝ አንተ ነህና ቻለው)


ኅዳር ፳፪ ቀን

ለጠበቃዬ፣ ለክብርት የምክር ቤት አባል፣

ፈጣሪ አንደበትሽን ያቅናልሽ፤ ወንበርሽንም የማይቆረቁር ያድርግልሽ። ደብዳቤሽን ሳነብ ብቻዬን ስስቅ ጎረቤቴ ግድግዳውን ደበደበው። ለተሰበረ ብርጭቆ ሁሉ ተከራክረሽ ድመቷን ጥፋተኛ ታደርጊ የነበርሽ ልጅ ዛሬ ከተማ ሊሰማሽ! እትዬ ስለተቆጣችሽ አትዘኚ፤ እሷ የማትቆጣው የማትወደውን ሰው ነው።

ለቆርቆሮው ልኬያለሁ። ክፍሏን ጠብቁልኝ። ጡረታዬን ይዤ ስመጣ እዚያች በር ላይ ወንበር አውጥቼ፣ ብስክሌት እየጠገንኩ፣ መንገደኛውን እየነቆርኩ ነው የምኖረው።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ሰው ሁሉ አውቶቡስ የሚሄድ ነገር ይመስለዋል። አይደለም፤ አውቶቡስ የሚቆም ነገር ነው። የሚቆምበት ቦታ ካልሠራችሁለት መሐል መንገድ ይቆማል፤ መሐል ከቆመ ከኋላው ያለው ሁሉ ጡሩንባ ይነፋል፣ የሚወርደው ሰው ደግሞ የሌላ መኪና አፍ ውስጥ ይወርዳል። አስፋልት ለጎማ ነው። ለሰው ምን አላችሁ? እሱን ጠይቂ።

እዚህ አገር አንድ ጊዜ ለአውቶቡስ ብቻ የሚሆን መስመር ተሠራልን። ቀይ ቀለም ተቀባ፣ ሪባን ተቆረጠ፣ እኛም አጨበጨብን። ወር ሳይሞላ የባለ ሱቁ መኪና፣ የባለ ሱቁ ወዳጅ መኪና፣ የወዳጁ ወዳጅ መኪና ቆመበት። ለካ ለቀለሙ እንጂ መስመሩን ለሚጠብቅ ሰው በጀት አልተያዘም ኖሯል። የበጀት ውይይት ሲጠራ እኛ ሹፌሮችም ተሳፋሪዎችም ሄድን። አንዲት ዘንቢል ያንጠለጠሉ ባልቴት ተነሱና ‹አጥር ሠርታችሁ በሩን ረሳችሁት› አሏቸው። በተከታዩ ዓመት ጠባቂ ተቀጠረ። እና ጠበቃዬ፣ ሪባኑን አትመልከቺ፤ ከሪባኑ በኋላ ማን እንደሚከፈለው ተመልከቺ።

አጎትሽ


ጥር ፳ ቀን

ለአጎቴ፣ ለአውቶቡሱ አለቃ፣

ሰላምታዬ በመካከላችን ያለውን ርቀት ያህል ይሁን። የላክኸው ደርሷል። እማዬ መርቃሃለች፤ ምርቃቱን ልጻፈው ብል ወረቀቱ አይበቃኝም።

የበጀት ምርመራውን ጀመርን። መሐንዲሱን ጠርተን አነጋገርነው። ጨዋ ወጣት ነው፤ ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ በትዕግሥት አስረዳን። አስፋልቱ አለ። የውኃ መውረጃው አለ። መብራቱ አለ። እኔ ጣቴን ካርታው ላይ እየጎተትኩ ስፈልግ ጊዜ፣

‹ምን ጠፋዎት?› አለኝ።

‹የእግረኛው መንገድ።›

‹እሱ ወደ ሁለተኛው ምዕራፍ ተዛውሯል።›

‹የሁለተኛው ምዕራፍ በጀት የትኛው ገጽ ላይ ነው?›

መሐንዲሱ ሰብሳቢያችንን አየ። ሰብሳቢው ጣሪያውን አየ። እኔም ተከትዬ ጣሪያውን አየሁ፤ እዚያም አልተጻፈም።

‹በሚቀጥለው ዓመት ይታያል› አለ ሰብሳቢው።

‹ላም አለኝ በሰማይ› አልኩ። በሆዴ ያልኩ መስሎኝ ነበር፤ ቃለ ጉባኤ ያዡ ግን ጻፈው።

ሰብሳቢውን ክፉ አድርገህ አትሳልብኝ። ለዚህ መንገድ ዓመታት ሲለምን የኖረ ሰው ነው። ከስብሰባው ስወጣ ጠብቆኝ ‹እህቴ፣ ባለን ገንዘብ ወይ ግማሹን መንገድ ከነሙሉ ዕቃው፣ ወይ ሙሉውን መንገድ ለመኪና ብቻ ነው። ሕዝቡ የሚጠይቀኝ አስፋልት ነው› አለኝ። የሚለው ገብቶኛል። ግን በዚያው ሰሞን አንዲት እርጉዝ ለክትትል ወደ እኛ ስትመጣ ሚኒባስ በጎን መስታወቱ መትቶ ቦይ ውስጥ ጣላት። እሷም ፅንሱም ተርፈዋል፤ ክንዷ ተሰበረ። እጇን ደግፌ ሳስርላት ‹ጥፋቱ የኔ ነው እህቴ፣ ዳር አልያዝኩም› አለችኝ። ዳሩ የት አለና ነው የምትይዘው? ያን ቀን ከጤና ጣቢያው ስወጣ መንገዱን እንደ አዲስ አየሁት። እናቶች በአንድ እጃቸው ልጅ፣ በሌላው ቀሚሳቸውን ሰብስበው በጭነት መኪና ጎማ ሥር ነው የሚያልፉት። እኔም ስንት ዓመት አብሬያቸው ሳልፍ አልታየኝም ነበር።

የጣሪያውን ሥራ ለጊዜው አቆይተነዋል። ምክንያቱን ሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ።

ያንተው


የካቲት ፳፭ ቀን

ለጠበቃዬ፣

ያቺ እርጉዝ ሴት በሰላም ትገላገል። አሜን በይ።

አስፋልቱንና የእግረኛውን መንገድ በአንድ ውል እንዲያስሩት አድርጊ። ለየብቻ ከተዋዋሉ አስፋልቱ ያልቃል፣ ይመረቃል፤ ከተመረቀ በኋላ እግረኛን የሚያስታውስ የለም። ደግሞም የመጨረሻው ክፍያ ኮሚቴው በእግሩ ሄዶ ሳያይ እንዳይከፈል በውሉ ይግባ። በመኪና ሄዶ ያየ ምንም አላየም።

ስለ እኔ ሥራ ብትጠይቂኝ፣ ደህና ነው። እኔም ደህና ነኝ። ሁሉም ደህና ነው።

ጣሪያውን ለምን እንዳቆያችሁት ግን አልነገርሽኝም። ጠበቃ ነገር ሲያሳጥር እፈራለሁ።

አጎትሽ


መጋቢት ፲፬ ቀን

ለምወድህ አጎቴ፣

እንዴት ነህ? የእጅ ጽሑፍህ ለምን እንዲህ ተለቀ? እንደ ሱቅ ማስታወቂያ ነው። እማዬ ‹እዚያ አገር ወረቀት ርካሽ ሆኖ ነው› ብላለች፤ እኔ ግን አልተዋጠልኝም።

አንተም አልተሳሳትክም፤ ነገር አለ። ልንገርህ።

የእግረኛው መንገድ ከካርታው የወጣው በገንዘብ ማነስ ብቻ አይደለም። ኮሚቴው ቦታውን በእግር ሲያይ እኔም ነበርኩ። በእኛ ረድፍ ሁለት ግንባታዎች ወደ መንገዱ ገፍተው ወጥተዋል። አንዱ የሰብሳቢው አማች መጋዘን ነው። ሌላው ያንተ ክፍል ነው። የእግረኛው መንገድ የሚሠራ ከሆነ ሁለቱም ይፈርሳሉ። ቀያሹ ግድግዳህ ላይ በቀይ ቀለም ምልክት ሲያደርግ እማዬ በሩ ላይ ቆማ ‹ልጄ፣ ምን እየጻፍክ ነው?› አለችው። ‹መለኪያ ነው እናቴ› አላት። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ሰብሳቢው ለብቻዬ ወስዶ ‹እግረኛ እግረኛ የሚሉት የራስዎን ግድግዳ አይተው ነው?› አለኝ። በደንባችን የቤተሰብ ጥቅም ያለበት አባል አስቀድሞ ያሳውቃል፣ ድምፅ ሲሰጥም ከአዳራሹ ይወጣል። አሳወቅሁ። አሁን ሐሜቱ ሁለት መልክ ይዟል። ግማሹ ‹ለዘመዶቿ ካሳ ልታስከፍል ነው› ይላል፤ ግማሹ ‹የራሷ ሲነካ ዝም ትላለች፣ ታያላችሁ› ይላል። ክፍሉ በፈቃድ፣ ያለ ካሳ ቢለቀቅ ሁለቱም አፍ ይዘጋል። የመጋዘኑም ባለቤት ‹እነሱስ?› የሚለው ነገር ያጣል።

የክፍሉ የይዞታ ካርታ በስምህ ነው። ስለዚህ ቆርቆሮ አልጠይቅህም፤ ክፍልህን ነው የምጠይቅህ። ካሳ መብትህ ነው። ‹አልለቅም› ማለትም መብትህ ነው፤ እንዲያ ብትል አልቀየምህም፣ ጉባኤውም የፈለገውን ይወስናል።

ለእማዬ ስነግራት ‹ወንድሜ በብርድ አገር እየተንቀጠቀጠ ያቆመውን ቤት ልጄ ታፍርሰው?› አለችና ከዚያ ወዲህ አላናገረችኝም። ለጎረቤት የምታወራውን በአጥር እሰማለሁ። ‹ልጄ አይደለችም፣ ምክር ቤት ናት› ትላለች።

መልስህን እጠብቃለሁ።

ጠበቃህ ልበል?


ግንቦት ፪ ቀን

ለአጎቴ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። መልስህ ዘገየ። ጉባኤው በሰኔ ድምፅ ይሰጣል፤ ግን አሁን እሱን አይደለም የምጽፍልህ። ስለ ክፍሉ መናገሬን እርሳው፤ ‹አለሁ› ብቻ በለኝ።

እማዬ ዛሬ አናገረችኝ። ‹ጻፈ?› አለች። ‹አልጻፈም› አልኳት። ‹ያደረግሽውን አየሽ› ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ተከትያት ብገባ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ቆማለች።


ግንቦት ፳፮ ቀን

ለጠበቃዬ፣

አለሁ። መጀመሪያ ይህን እወቂ። ቀጥሎ ደግሞ ተናድጄ እንደነበር እወቂ። ደብዳቤሽ ኮቴ ኪስ ውስጥ ሲንገላታ ነው የከረመው፤ አወጣዋለሁ፣ አየዋለሁ፣ መልሼ እከተዋለሁ።

ጽሑፍህ ለምን ተለቀ ብለሻል። ዓይኔ ነው። ከዳር ጀምሮ እየጨለመ የሚሄድ በሽታ ነው አለኝ ሐኪሙ። ፊት ለፊቴ ያለው ደብዘዝ ብሎ ይታየኛል፣ ግራና ቀኙ ግን የለም፤ በቧንቧ ውስጥ እንደማየት ነው። እንዲህ ያለ ሰው አውቶቡስ አይሰጠውም፣ ልክ ነው። መሪ ከለቀቅሁ ዓመት አልፎኛል። አሁን እዚያው ድርጅት ውስጥ ተሳፋሪ የረሳው ዕቃ በሚቀመጥበት ክፍል ነው የምሠራው። ጃንጥላ እቀበላለሁ፣ ጃንጥላ እሰጣለሁ። አንድ ጊዜ ሰው ሠራሽ ጥርስ መጣልን፤ ባለቤቱ እስኪመጣ ሁላችንም በተራ የራሳችንን ስንነካ ሰነበትን። ለእትዬ አትንገሪያት ልልሽ ነበር። ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ንገሪያት።

ለምን እንደተናደድኩ ልንገርሽ። ሰው ሁሉ እዚህ ‹አገርህ መቼ ትገባለህ?› ሲለኝ መልሴ ‹ክፍል አለኝ› ነበር። ዓይኔ እየደከመ ሲመጣ እንኳ ያችን ክፍል ከነበሯ፣ ከነመስኮቷ አያታለሁ፤ እሷን ለማየት ዓይን አያስፈልግም። አንቺ ግድግዳ የጠየቅሽኝ መስሎሽ ነው፤ እኔ ግን አገሬን የጠየቅሽኝ መሰለኝ።

መንዳት ያስተማርኳት አንዲት ሹፌር አለች፤ ምሳ የምንበላው አብረን ነው። ‹ፊትህን ምን አጠቆረው?› አለችኝ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። አፏ የያዘውን አኝካ ውጣ፣ ቀስ ብላ ‹ክፍሏ ከደረስክባት ጥሩ ናት። ከአውቶቡስ ወርደህ እስክትደርስባት በምን ትሄዳለህ?› አለችኝ። እንደ እኔ ያለ ሰው ከመናኸሪያው እስከ በራችን በዚያ የጭነት መኪና መሐል አንድ ቀን አይዘልቅም።

እዚህ ከተማ የእግረኛው መንገድ መሻገሪያው ጋ ሲደርስ ጎርበጥ ጎርበጥ ያለ ንጣፍ አለው። አውቶቡሴን ወደ ዳር ሳስጠጋ ለጌጥ ያደረጉት ይመስለኝ ነበር። አሁን በእግሬ መዳፍ ነው የማነበው፤ ‹እዚህ ጋ ቁም፣ መኪና አለ› ይለኛል። የሆነ አገር፣ የሆነ ስብሰባ ላይ፣ አንድ ሰው ይህ ይግባልኝ ብሎ ተከራክሯል። ሰውየውን አላውቀውም። ባገኘው ጉልበቱን እስመው ነበር።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ክፍሉን በፈቃዴ፣ ያለ ካሳ መልቀቄን በሕግ ፊት የፈረምኩበት ወረቀት አለ። ፊርማዬ ከመስመሩ ትንሽ ወጣ ብሏል፤ ‹የሹፌር ነው፣ መስመር ያውቃል› ብለሽ ተከራከሪልኝ። ያንን ጎርባጣ ንጣፍም አትርሺ።

የልጅነት አዛይሽ፣ አጎትሽ


ሰኔ ፲፱ ቀን

ዓይኔ ለሆንከው አጎቴ፣

ደብዳቤህን ለእማዬ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላት። ስጨርስ ‹ይህን ሁሉ ጊዜ ሳያይ ነው የጻፈልን?› አለችና አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ፤ ሁለታችንም በየፊናችን ‹አንቺ አታልቅሺ› እየተባባልን። በማግስቱ እንጨት ሠሪ ጠርታ የክፍሉን በርና መስኮት ራሷ አስነቀለች። ‹ግድግዳውን ይውሰዱት፤ በሩ የወንድሜ ነው› አለች።

ጉባኤው ትናንት ነበር። ፈቃድህ ተነበበ። ፊርማውን የጠየቀ የለም። ድምፅ የሚሰጥበት ሰዓት ሲደርስ እኔ በደንቡ መሠረት ወጣሁ። በረንዳው ላይ ወዲያ ወዲህ ስል የጥበቃ ሠራተኛው ወንበሩን ለቀቀልኝ።

‹ምጥ የያዛት ሴት ነው የሚመስሉት› አለኝ።

‹እኔ አዋላጅ ነኝ› አልኩት።

‹ዛሬ እንኳን ተራው የርስዎ ነው› አለኝ።

በመጨረሻ በሩ ተከፈተና ሰብሳቢው ራሱ ወጣ። ‹አለፈ› አለኝ። ከዚያ ግንባሩን እየጠረገ ‹አማቼ አሁን እስከ መቼ እንደሚያኮርፈኝ እንጃ› አለ። ‹እኔም ከእናቴ ጋር እዚያው ላይ ነበርኩ፤ ይለመዳል› አልኩት። ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ሁሉን አላገኘንም። የተፈቀደው በእኛ ረድፍ ያለው ብቻ ነው፤ ማዶው ለመጪው ዓመት ተላልፏል። አሁን ግን ገጽ ቁጥር አለው፤ ጣሪያ ማየት ቀርቷል። አስፋልቱና የእግረኛው መንገድ በአንድ ውል ናቸው። ስለ ንጣፉ ለመሐንዲሱ ስነግረው ዓይኑ በራ፤ ‹ተማሪ ሳለሁ ስዬው ነበር፤ ማንም ግን አልጠየቀኝም› አለኝ።

ጠበቃህ


ታኅሣሥ ፰ ቀን

ለምንወድህና ለምንጠብቅህ፣

ባለፈው የዓይን ጠብታው ጥቂት እንደረዳህ ስትጽፍ ቤቱ ሁሉ ደስ አለው። የእኛን ልንገርህ።

መንገዱ አልቋል፤ ግን በጠብ ነው ያለቀው። በየሳምንቱ ኮሚቴው በእግሩ ይሄድ ነበር። አንድ ቀን ሰብሳቢው በጫማው ተረከዝ መታ ሲያደርገው አዲሱ ንጣፍ እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈረፈረ። ተቋራጩ ‹ፀሐይ ነው› አለ። ሰብሳቢው ‹ፀሐይዋ ሲሚንቶ ትበላለች?› ብሎ ከጤና ጣቢያው በር እስከ ማቆሚያው ያለውን አስነስቶ እንደገና አሠራው። መጋዘኑ ገና አልተነሳም፤ ባለቤቱ ካሳ ይጨመርልኝ ብሎ ክርክር ላይ ነው። እዚያ ስትደርስ መንገዱ እንደ ወለቀ ጥርስ ክፍት ነው፤ ወደ አስፋልቱ ወርደን ነው የምናልፈው። እሱን አልተውነውም።

ያቺ ክንዷ የተሰበረው ሴት ልጇን አዝላ ለክትባት መጣች። የገባችው ጭቃ ባልነካው ጫማ ነው። ለልጁ ክትባቱን ሰጠሁት፣ ጮኸብኝ።

አሁን እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ ‹ጻፊ› ትለኛለች። የምትለውን እንዳለ ነው የምጽፈው፤ ጥፋት ካለበት የሷ ነው።

‹ወንድሜ፣ ደህና ነህ ወይ? ትናንት ገበያ ብቻዬን ሄጄ መጣሁ። ክንዴን የያዘኝ ሰው የለም። ጉልበቴ በየመብራቱ ምሰሶ ሥር ያሳርፈኛል እንጂ እደርሳለሁ። ያንን ጎርባጣ ነገር ረግጬ ሞክሬልሃለሁ፤ እኔን ይቆረቁረኛል፣ አንተን ከጠቀመህ ይሁን። የኋላውን ክፍል አስጠርጌያለሁ፤ ከእኔ ጋር ግድግዳ ትጋራለህ፣ ካንኮራፋህ እደበድበዋለሁ። እዚያ ምን ትሠራለህ? የሰው ጃንጥላ ትጠብቃለህ? እኔ ዓይን አለኝ፣ አንተ ጉልበት አለህ። ተደጋግፈን ብንወጣ ከሁለታችን አንድ ደህና ሰው ይወጣናል። ና።›

የመጨረሻውን ቃል ሁለት ጊዜ ጻፊው ብላኛለች።

ና።